ሰማንያ አራተኛው ኪሎሜትር ላይ ሞተር ማጥፋት

ታስ-ኩዮል መንደር፣ ጥቅምት 20

ለወንድሜ ልጅ ለኤርሃን፣

ባሕር ማዶ እንደምን ከረምህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ? ነጯ ፀሐይ በሄድህበት ትከተልህ፤ ምድጃህ አይጥፋ፤ ብርድ ሳንባህን አይንካው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ስቀመጥ እንጂ ስነዳ አይደለም፤ ስለዚህ አልቀመጥም።

ስልክ ለምን አይደውሉም እንዳትለኝ። ሽቦው ከተበጠሰ ሁለት ወሩ ነው፤ የሚጠግነውም ሰው የሚመጣው በጋ ሲገባ ነው አሉን። ደብዳቤውን እኔው ጽፌ፣ እኔው ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ እኔው ሰኞ ወደ ወረዳ ከተማ አደርሰዋለሁ። መልስህንም እኔው ተሸክሜ አመጣለሁ። የዚህ አገር ፖስታ ማለት እኔ ነኝ።

እሱንም ሊወስዱብኝ ነው። የወረዳው የትራንስፖርት ሹም ባለፈው ሳምንት አስጠርቶ ወንበር ሳበልኝ። ወንበር ሲስቡልኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«እትዬ አግራፌና፣ ስልሳ አራት ሞላዎት። መኪናዋም አርጅታለች። በዚያ ላይ ናፍጣ በዚህ ብርድ…»

«ናፍጣውን ለእኔ ተወው» አልሁት።

«የቤንዚን መኪና ያለው ወጣት አግኝቻለሁ። በወር አንዴ ብቅ ይልላችኋል።»

«በወር አንዴ? የኛ በሽተኛ ቀጠሮ ይዞ ነው እንዴ የሚታመመው?»

ቱግ አልሁና ጠረጴዛውን መታሁት። እሱም እልኸኛ ነው፤ «እንግዲያው ይህን የብርድ ወራት ይሞክሩት። አንድ ሰኞ፣ አንዲት ሰኞ ብቻ ከቀሩ፣ መስመሩ የልጁ ነው» ብሎ ጻፈና አስፈረመኝ። ስሜን በትልቁ ነው የፈረምሁለት።

ችግሩ ይኼ ነው፦ የነዳጅ ድርሻችንን ቀንሰዋል። ሌላው ሰው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሞተሩን አያጠፋም፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስጮኸው ባድር ለመንገዱ አይተርፈኝም። ስለዚህ ማታ አጠፋዋለሁ፤ ጠዋት ከሞት አስነሳዋለሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና እንዳስተማረኝ ነው የማደርገው። ማታ ሞተሩ እንደሞቀ ዘይቱን በጣሳ ቀድቼ ምድጃ ጥግ አሳድረዋለሁ። ባትሪው ከእኔ ጋር አልጋ ላይ ያድራል፤ እንደ ባሌ አያንኮራፋም። ናፍጣው በብርድ እንዳይረጋ ላምባ እጨምርበታለሁ። ጠዋት እንደ እናቶቻችን ልማድ ለምድጃው ቅቤ የተቀባ ቂጣ አጉርሼ፣ ፍሙን በመጥበሻ ዝቄ ሞተሩ ሥር አኖራለሁ፤ መኪናዋን በብርድ ልብስ እሸፍንና አንድ ሰዓት ሙሉ እያማሁህ እጠብቃለሁ።

ካንዴላዎቹ ግን ደክመዋል። ለናፍጣ ሞተር የሚሆኑ አራት ማሞቂያ ካንዴላዎች ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አራት።

አክስትህ አግራፌና

ቡሳን፣ ኅዳር 25

ለማከብርዎ እትዬ አግራፌና፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ መርከብ ቀለም የምንቀባበት ግቢ ሥራ በዝቶብን እሑድም አናርፍም።

ካንዴላዎቹን ፈልጌ ለእርስዎ ዓይነት አሮጌ ሞተር የሚሆን አጣሁ። ግን እትዬ፣ ለምን ይሄ ሁሉ ድካም? እዚህ ባሕሩ አይቀዘቅዝም። ክፍል አዘጋጅቻለሁ፤ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ልቆርጥልዎ ፈቃድዎን ብቻ እጠብቃለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

እስከዚያው መኪና ሊገዛ ወደዚህ በመጣው በጎረቤትዎ በፕሮኮፒ ልጅ እጅ አንድ ጀሪካን የሞተር ዘይት ልኬያለሁ። ከሱቁ ውድና ምርጥ የሆነውን መርጬ ነው። ወገብዎን ጠበቅ አድርገው ይልበሱ። ለመንደሩ ሰው ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ ኤርሃን

ታስ-ኩዮል፣ ታኅሣሥ 15

ለኤርሃን፣

ምድጃህ ይንደድ፣ ደጅህ ሰው አይጣ። ደብዳቤህን ከከተማ ተሸክሜ አምጥቼ ቤቴ ገብቼ ከፈትሁት። አራት ካንዴላ ብልህ ትኬት ታመጣለህ! ጥርሱን ላመመው ሰው ባርኔጣ እንደ መግዛት ነው።

ምን ቁርጥ አርጎኝ ነው ከማይቀዘቅዝ ባሕር አጠገብ የምቀመጥ? ቀኑን ሙሉ ምን ልሠራ? መስኮቱ ወደ ፀሐይ ከሆነ ፀሐይዋ ወደ አንተ ትይ፤ እኔ ሥራ አለኝ። ዛሬ አርባ ዘጠኝ ከዜሮ በታች ነው፤ ሰባት ሰኞ ሄጃለሁ፤ ሰባቱንም ደርሻለሁ። ሹሙ በመስኮት ሲያየኝ መጋረጃውን ይዘጋል።

ስለ መንደሩ ሁሉ ጠይቀህ ስለ አንድ ቦታ አልጠየቅህም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቀህ አታውቅም። ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፦ ሰማንያ አራተኛው ኪሎሜትር ላይ፣ አባትህ ጋቭሪል ቆሞ በቀረበት፣ ሰኞ ሰኞ እቆማለሁ። ቆሜም ሞተሩን አጠፋዋለሁ። መንገድ ላይ ሞተር የሚያጠፋ እብድ ብቻ መሆኑን አጥቼው አይደለም። አጥፍቼ፣ ለጋቭሪል ቂጣ ቆርሼ በረዶው ላይ አኑሬ፣ አንድ ጸሎት አድርሼ፣ ቁልፉን መልሼ አዞራለሁ። እስካሁን እንቢ ብላኝ አታውቅም።

ባለፈው ፕሮኮፒ ጥርሱን ሊነቀል ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ሞተሩ ዝም ሲል ጊዜ፣ «አግራፌና! ምን ሆነሽ ነው? በሞቴ አስነሺው! ጥርሴ ድኗል፣ ቤቴ መልሺኝ!» እያለ ጮኸ።

«ዝም በል፣ ወንድሜን እያነጋገርሁ ነው» አልሁት።

ያ ብርድ ጋቭሪልን ወስዶብኛል። እኔን ግን እዚያች ቦታ ላይ ፈርታ አለፈች አይለኝም። እንደዚያ ብሎ አይስቅብኝም።

ዘይቱ ደረሰ፤ እጅህ ይባረክ። ከዘመድ የመጣ ስጦታ ማሳደር ነውር ስለሆነ ለአዲሱ ዓመት የድሮውን ደፍቼ ያንተን አደርጋለሁ።

አግራፌና

ቡሳን፣ ጥር 6

ለማከብርዎ እትዬ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ደብዳቤዎን ካነበብሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አፈር ስሆን እትዬ፣ እዚያ ቦታ አያጥፉት። ሌላ ቦታ የፈለጉትን ያድርጉ፤ እዚያ ግን አያጥፉት። ላምባውን ሁልጊዜ ይጨምራሉ? ማን ነው የሚቀዳልዎ? ራስዎ ይቅዱ፤ ለማንም አይስጡ፣ በተለይ ለልጆች።

አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። በታኅሣሥ ለትራንስፖርት ሹሙ ጽፌለታለሁ። በክብር እንዲያሰናብትዎ፣ ጡረታዎንም እንዲያስተካክልልዎ ለመንሁት። በክፋት አይደለም። ይፍረዱብኝ፤ ግን በሕይወት ሆነው ይፍረዱብኝ።

ኤርሃን

ታስ-ኩዮል፣ ጥር 28

ኤርሃን፣

ለጤናህ እንደምን ነህ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህን ሹሙ አሳይቶኛል። ከመሳቢያው አውጥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ «የገዛ ልጅዎ እንኳ እንዲያርፉ ይለምናል» እያለ። ያሳደግሁት ልጅ ጽሑፍ በሰው አፍ ሲነበብብኝ ቆሜ ሰማሁ። ጀርባዬን ሰጥቼው ወጣሁ፤ ላንተ ግን እነግርሃለሁ፦ ሁለተኛ እንዳታደርገው። ልታዝንልኝ ከፈለግህ ለራሴ ጻፍልኝ።

ባለፈው ሰኞ አምስት ሰዓት ዘግይቼ ገባሁ። ሃምሳ አራት ከዜሮ በታች ነበር። ጎረቤታችን ኪዩንኔይ ምጥ እየጀመራት ይዣት ሄጄ ወንድ ልጅ ተገላገለች። መስመሩ አሁንም የእኔ ነው።

ስለ ዘይቱ እግዜር ይስጥልኝ።

አግራፌና

ቡሳን፣ የካቲት 16

እትዬ፣

ሰላምታውን ይለፉኝ፤ ከሱቅ እንደተመለስሁ ነው የምጽፈው።

ስምንት ገጽ የሚጽፉት ሰው ስለ ዘይቱ አንድ መስመር ብቻ ጻፉልኝ። አልዋጥልኝ ስላለ ዛሬ ከሥራ ስወጣ ወደዚያ ሱቅ ሄድሁ። ያንኑ ጀሪካን አንሥቼ ጀርባውን አገላበጥሁት። የሙቀት መለኪያ ሥዕል አለበት፤ ከዜሮ በታች አሥራ አምስት ላይ ያበቃል። አሥራ አምስት! እኔ የታስ-ኩዮል ልጅ፣ ሃምሳ ዲግሪ ላይ ትምህርት ቤት የሄድሁ ሰው፣ ለእርስዎ የሞቃት አገር ዘይት ላክሁ። ወፍራሙ ጥሩ ነው ብሎ ሻጩ ሲለኝ አመንሁት። ብርዱን ረስቼዋለሁ እትዬ። አምስት ሰዓት የዘገዩት በእኔ ዘይት ነው፤ አይደለም?

አሁን ደግሞ ያልጻፍሁልዎትን ልጻፍ። ያን ቀን የአባቴን መኪና ነዳጅ የሞላሁት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጓደኞቼ ደጅ ላይ ይጠሩኛል፤ ቸኩዬ በብርድ ከሚረጋው ከበጋው ናፍጣ በርሜል ቀዳሁ፤ ላምባውንም ሳልጨምር ሄድሁ። ማታ ትዝ ሲለኝ እሱ ወጥቶ ነበር። ይመለሳል እያልሁ ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን አመጡት። አርባው እንኳ ሳይወጣ ከመንደሩ የጠፋሁት ለሥራ አይደለም፤ የእርስዎን ዓይን ማየት አቅቶኝ ነው።

አባቴን ገደልሁት። ዘንድሮ ደግሞ እርስዎን ልገድል ነበር። ዳግመኛ ምንም አልልክልዎትም።

ኤርሃን

ታስ-ኩዮል፣ መጋቢት 3

ለልጄ ለኤርሃን፣

ነጯ ፀሐይ ፊትህ ላይ ትውጣ። ሰውነትህ ይጽና፣ ልብህም ይጽና፤ አሁን የምጽፍልህ ይከብዳልና ቁጭ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ ዘይቱ። አዎ፣ በአንተ ዘይት ነው። ለአዲሱ ዓመት አላደረስሁትም፤ የቀየርሁት ያን ሰኞ ጠዋት ነው። ከምድጃው ላይ ሳወርደው እንደ ውሃ ይፈስ ነበር፤ አታለለኝ። ቀዝቃዛው ብረት ውስጥ ሲገባ ጊዜ ማር ሆነ፤ ከማርም ሙጫ ሆነ። ማስነሻው ሞተሪኖ አንዴ አቃሰተና ቀጥ አለ። የድሮውን ዘይት ደፍቼዋለሁ። ኪዩንኔይ ኩርሲ ላይ ተቀምጣ ወገቧን ይዛ ታየኛለች። መቼም ያን ዕለት የሰደብሁህን ስድብ ብትሰማው ኖሮ ከባሕር ማዶ ጆሮህ ይቃጠል ነበር።

አግራፌና ግን እጅ አትሰጥም። ከሥር ተጋድሜ ሙጫህን በማንኪያ እየፋቅሁ አወጣሁት። ይህን ያየ ፕሮኮፒ መንደሩን ጠራ። ሁሉም ካስቀመጠው ቀጭን ዘይት እየቀነሰ አመጣልኝ፤ አንዱ በሻይ ኩባያ፣ አንዱ በወተት ጣሳ፣ ማርፋ በሽቶ ጠርሙስ። የሽቶ ጠርሙሱን አፍስሰን ሳንጨርስ ሁሉም በሳቅ ሞተ። ምድጃ ላይ አሙቀን አፈሰስነው፤ ፍሙን ሦስቴ ቀየርን። ለምድጃው ቂጣውን ሙሉውን አጎረስሁት፤ ለራሴ አላስቀረሁም። ከዚያ ቁልፉን ሳዞረው አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ጥቁር ጭሷን ተፋችብንና ተነሣች! ፕሮኮፒ ዘሎ አቀፈኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሽቶ ሽቶ ትላለች ይሉኛል፤ ውሸታሞች።

ከተማ ስገባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ኪዩንኔይን ሐኪም ቤት አድርሼ ሹሙ ቤት ሄድሁ። በር ከፈተልኝ።

«ቀሩ እኮ እትዬ» አለኝ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አልሁት።

«ሰኞ፤ ግን…»

«ሰኞ ሊያልቅ ስንት ሰዓት ይቀረዋል?»

«ሦስት።»

«በል የፖስታ ከረጢትህን ተረከበኝ።»

ያንተን ደብዳቤ ያነበበልኝ ያን ጊዜ ነው። ያን ያህል እንደምትፈራልኝ ስላየሁ ዘይቱን ልነግርህ አልፈለግሁም። የላከልኝ ሰው በጸጸት ይሙት እንዴ? አልሁ። ተሳሳትሁ፤ ዝም ማለቴ የባሰውን አሳደረብህ።

አሁን ስለ አባትህ። ላምባውን እንዳልጨመርህ አውቃለሁ። ጋቭሪልም ያውቅ ነበር። ጠዋት ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ደጄ ላይ ቆሞ ሳቀ፤ «ልጁ ኮረዳ አግኝቷል መሰለኝ፣ ላምባውን ረስቶታል» አለኝ። ከእኔ ቤት ሃያ ሊትር ላምባ በጀሪካን ቀድቶ ከኋላ ጫነ። «ታንኩ አፉ ድረስ ሞልቷል፤ ከተማ ስደርስ ላምባውን እጨምርበታለሁ፤ እስከዚያ ሞተሩን አላጠፋም፤ ሲወፍርብኝም ላምባዬ አለልኝ» ብሎኝ ሄደ። እኔው ነኝ ጀሪካኑን ያቀበልሁት። በእነዚህ እጆቼ።

ሰማንያ አራተኛው ላይ አንድ መኪና ነዳጁ ረግቶበት ቆሞ አገኘ። ባልና ሚስት ከሁለት ሕፃናት ጋር። የቆመ መኪና አልፎ የሚሄድ ሰው በኛ መንገድ የለም፤ አባትህም አላለፈም። ላምባውን ሁሉ ሰጣቸው። ግማሹን አይደለም፤ ሁሉንም። ለእናንተ ነው የሚያስፈልገው፣ የእኔ ሞተር ሞቋል አላቸው። ፊልትሯቸውን በእጁ አሙቆ፣ አስነሥቶ ሸኛቸው። እሱ ከዚያ በኋላ ናፍጣው ረግቶበት እዚያው ነው የቆመ። ነፋስ ተነሥቶ ነበር፤ ከተማ ሳይገባ ሲቀር እርዳታ የላኩለት እነሱው ነበሩ፤ ግን ዘገየ።

ይህን ያወቅሁት በግንቦት ነው። ሰውየው ባዶውን ጀሪካን ይዞ መጣ፤ ደጄ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ጀሪካኑ ዛሬም እኔ ጋ ነው፤ ፍሙን የማጠፋበትን ውኃ የምይዘው በእሱ ነው።

አንተ ሄደህ ነበር። መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍሁም። ተቀየምሁህ ልጄ፤ ላምባ በመርሳትህ አይደለም፣ ሳትሰናበተኝ በመሄድህ። ይጠይቀኝ፣ አንዴ ይጠይቀኝና እነግረዋለሁ ብዬ እልህ ይዤ ጠበቅሁህ። አሥራ አንድ ዓመት! አንተ አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ እኔ ግን ትልቅ ሰው ነበርሁ። የአንተ ጥፋት አንዲት ጠዋት ናት። የኔን አንተው ቁጠረው።

ይቅር በለኝ። ግን አባቴን ገደልሁት የምትለውን ቃል ሁለተኛ እንዳትጽፍብኝ። የጋቭሪልን ሞት አትቀማው። ሰጥቶ ነው የሞተው።

አክስትህ አግራፌና

ወረዳ ከተማ፣ ፖስታ ቤት፣ መጋቢት 24፣ ሰኞ

ለእትዬ አግራፌና፣

ይህን ደብዳቤ ከረጢትዎ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። እዚህ ነኝ። ቅዳሜ ገባሁ። ሳይነግሩ መምጣት ድፍረት ስለሆነብኝ እንደ ልማዳችን ጻፍሁልዎ።

ካፖርቴ ውስጥ አምስት ሊትር ቀጭን ዘይት ታቅፌያለሁ። መለኪያውን ሦስቴ አንብቤዋለሁ፤ ሻጩንም አላመንሁትም። ካንዴላዎቹን አራት ከተማ ዞሬ አገኘሁ፤ አራት ናቸው፤ ኪሴ ውስጥ ናቸው። ትራንስፖርት ሹሙ ጋም ሄጄ ያንን ደብዳቤዬን ተቀብዬ ፊቱ ቀደድሁት። «እናንተ ሰዎች ሁላችሁም እንደዚህ ናችሁ?» አለኝ። አዎ አልሁት።

ከከረጢቱ ክፍል በስተጀርባ ቁጭ ብያለሁ። እኔን ማየት ካልፈለጉ ፖስታዎን ይዘው ይሂዱ፤ አልቀየምም። ከፈለጉኝ ግን አንድ ልመና አለኝ፦ ሰማንያ አራተኛው ላይ ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ።

ኤርሃን

(ከዚያው ወረቀት ጀርባ፣ በእርሳስ)

ኤርሃን፣

ሰላምታ የለም፤ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ሳልህን እየሰማሁት ነው። ይህችን ወረቀት የፖስታ ቤቷ ልጅ ታቀብልሃለች። እኔ አልገባም፤ እዚያ ውስጥ ሰው ፊት አላለቅስም።

መኪናዋ በር ላይ ናት። ውጭው አርባ አንድ ነው። አዲሶቹን ካንዴላዎች ለነገ አስቀምጣቸው፤ በአሮጌዎቹ እንዴት እንደሚደረግ ረስተኸው እንደሆነ ልይ። ቁልፉን ለመስጠት ሰማንያ አራተኛው እስክንደርስ አልጠብቅም።

ሞተሩን አጥፍቼዋለሁ። ና አስነሣው።